ስልኩን እዚያው አስከፍታችሁ ላኩልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። መገናኛ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ክረምት ገብቷል፣ ከአሜሪካ ዘመድ የሚመጣበት ጊዜ ነው፣ እንቁጣጣሽም እየደረሰ ነው። በዚህ ሰሞን ሱቄ ከሚመጣው ሰው ብዙው ስክሪን የተሰበረበት አይደለም። አዲስ ስልክ ይዞ ነው የሚመጣው። ካርቶኑ ያልተጎዳ፣ ላስቲኩ ገና የተላጠ፣ ከሜሪላንድ ወይ ከቨርጂኒያ በሰው ሻንጣ የመጣ ስልክ። ሲም ያስገቡበታል፣ እምቢ ይላል። "ትንሽ ነገር ናት፣ ክፈትልኝ" ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ አልችልም። እኔ ብቻ ሳልሆን እዚህ ከተማ ውስጥ ይሄንን በትክክል የሚሠራ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ቁልፉ ያለው እዚህ አይደለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጋዜጣችሁን ውጭ ያሉ ወገኖቻችንም ስለሚያነቡት ነው። ስልኩ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እዚያው ቢያስከፍቱት ብዙ ገንዘብና ብዙ ንዴት ይቀራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ስልክ የሚገዛው ከራሱ ከቴሌኮም ኩባንያው ነው፣ ከእነ ኤቲ ኤንድ ቲ፣ ቲ-ሞባይል፣ ቬራይዘን። ዋጋውን አንዴ አይከፍልም። በ24 ወይም በ36 ወር ተከፋፍሎ ከወርሃዊ ሂሳቡ ጋር ይመጣል። ኩባንያው ገንዘቡን ሰብስቦ እስኪጨርስ ስልኩ የሌላ ኩባንያ ሲም እንዳይቀበል ይቆልፈዋል። እኛ "ሎክድ ነው" የምንለው ይሄ ነው። ስልኩ ይበራል፣ በዋይፋይ ዩቲዩብ ያሳያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ግን የኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ የሳፋሪኮም ሲም ሲገባበት አይፎኑ "ሲም ኖት ሰፖርትድ" ይላል፣ ሳምሰንጉ ደግሞ "ሲም ኔትወርክ አንሎክ ፒን" ብሎ ኮድ ይጠይቃል። በቃ። መደወያ አይሆንም።

እኛ አገር ይህን ነገር ሰው ለረጅም ጊዜ ያላወቀው እዚህ ስልክ ተቆልፎ ስለማይሸጥ ነው። አንድ ቴሌ ብቻ ነበር፣ ከማን ይቆለፋል? ስልኩንም የምንገዛው ከሱቅ ነው፣ ሲሙን ከቴሌ። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ከጀመረ በኋላም ቢሆን ከሱቅ የገዛነው ስልክ 09ኙንም 07ቱንም ይቀበላል። ስለዚህ አንድ ሰው አዲስ ስልክ በእጁ ይዞ "ሲም አይቀበልም" ሲባል ስልኩ የተበላሸ ወይም የተሰረቀ ይመስለዋል። ስልኩ ጤነኛ ነው። የተቆለፈ ብቻ ነው።

በፊት ቢሆን እኔም ሆንኩ ሌላው የሙያ ጓደኛዬ እንከፍተው ነበር። በኖኪያ ጊዜ ቁልፉ እዚያው ስልኩ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ሲጻፍ የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ አይኤምኢአይ ቁጥር፣ የስልኩ የራሱ መለያ ማለት ነው፣ ትንሽዬ ፕሮግራም ውስጥ ታስገባለህ፣ የኩባንያውን ስም ትመርጣለህ፣ ኮዱን አስልቶ ይሰጥሃል፣ ትጽፈዋለህ፣ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሳምሰንጎችም ከኮምፒውተር ጋር በሚሠራ መክፈቻ፣ ቦክስ በምንለው፣ ይከፈቱ ነበር፣ ሶፍትዌር ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ ያ ዘመን አልፏል። የአይፎን ቁልፍ ስልኩ ውስጥ የለም። አፕል ሰርቨር ላይ፣ ኩባንያው ጋ ያለ ኮምፒውተር ላይ ነው። አይፎን አዲስ ሲነሳ በኢንተርኔት ከአፕል ጋር ይገናኝና በአይኤምኢአይ ቁጥሩ ለማን እንደተፈቀደ ይታያል፤ አፕል ደግሞ ኩባንያው ካልፈቀደ ምንም አይለውጥም። ፍላሽ ብታደርገው፣ ሶፍትዌር ደጋግመህ ብትጭን፣ ቦርዱን ብትፈታው ያው ነው። አዳዲሶቹ የአሜሪካ ሳምሰንጎችም ወደዚሁ መንገድ ገብተዋል። ኮድ የሚጠይቅ ሳምሰንግ ካላችሁ ደግሞ በግምት ቁጥር አትሞክሩበት። የሙከራ ገደብ አለው፣ ካለፈ ትክክለኛው ኮድ ቢመጣም የማይቀበል ይኖራል።

አንዲት እናት ባለፈው ሰሞን መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስልኩን በመሀረብ ጠቅልለው። ልጃቸው ከቨርጂኒያ የላከችላቸው ሳምሰንግ ነው። "ልጄ፣ እሷ እዚያ ሞክራው ሠርቷል አለችኝ፣ እዚህ ምን ነካው?" አሉኝ። ሲማቸውን አስገባሁት፣ ኮድ ጠየቀ። ለልጅቷ በዋትስአፕ ደወልንላት፣ ከእንቅልፏ ቀሰቀስናት። የገዛችው ከአንድ ትልቅ ገበያ መደብር መደርደሪያ ላይ በርካሽ ነው፣ ፕሪፔይድ የሚባለውን ዓይነት፣ ለእናቷም ለአክስቷም ሁለት ወስዳ። እዚያ የሞከረችውም በዋይፋይ ነው። ኩባንያው ጋ እንድትደውል ነገርኳት። ደወለች። የመለሱላት፦ ስልኩ በእኛ መስመር ላይ ገብቶ፣ ካርድ እየተሞላበት ወራት መሥራት አለበት፣ ይሄኛው ግን ከነጭራሹ በእኛ መስመር ላይ ሠርቶ አያውቅም። እናትየው ስልኩን መልሰው በመሀረቡ ጠቀለሉት። "እንግዲህ ለፎቶ ይሆነኛላ፣ እሷ እንዳይከፋት አትንገርብኝ" ብለውኝ ሄዱ።

ይህ የፕሪፔይድ ጉዳይ ነው በጣም የሚያናድደኝ፣ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። ፕሪፔይድ ማለት ያለ ኮንትራት፣ ካርድ እየሞሉ የሚጠቀሙበት ነው። ስልኩ በጣም ርካሽ የሚሆነው ኩባንያው ዋጋውን ራሱ ስለሚደጉመው ነው፤ ኪሳራውን የሚያወጣው በየወሩ ከሚሞላው ካርድ ነው። ስለዚህ የሚቆጠረው ጊዜ የገዛችሁበት ቀን አይደለም። ስልኩ በኩባንያው ኔትወርክ ላይ ከተነሳበት ቀን ጀምሮ፣ አገልግሎት እየተከፈለበት ያለፈው ጊዜ ነው። ኤቲ ኤንድ ቲ ለፕሪፔይድ 6 ወር ይጠይቃል፣ ቲ-ሞባይል ደግሞ 365 ቀን። እንግዲህ አስቡት፦ ካርቶኑ ሳይከፈት አዲስ አበባ የገባ ፕሪፔይድ ስልክ እዚህ ሆኖ ይህን ሊያሟላ የሚችልበት መንገድ የለም፣ የአሜሪካ ኔትወርክ እዚህ የለማ። አንድ ዓመት ብታስቀምጡትም ቆጠራው አይጀምርም። ለስጦታ ተብሎ "አዲስ ነው፣ አልተነካም" መባሉ ራሱ ነው ጥፋቱ። ከተነካ፣ ከተሠራበትና ጊዜው ከሞላ ግን ይከፈታል። ስለዚህ ለቤተሰብ የሚሆን ስልክ ስትገዙ ርካሹን ፕሪፔይድ ተዉት። "አንሎክድ" ተብሎ የሚሸጠውን ግዙ፣ ከአምራቹ ከራሱ ሲገዛ በሙሉ ዋጋ ተከፍሎ ክፍት ሆኖ ይወጣል። ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ይደውላል።

የኮንትራቱ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። "አይፎን በነጻ" የሚል ማስታወቂያ አለ፣ አሮጌውን ስጥና አዲሱን በነጻ ውሰድ የሚል። ብዙ ወገን በዚህ ይወስድና ወደ አገር ቤት ይልከዋል፣ ነጻ ነው ብሎ። ነጻ አይደለም። የስልኩ ዋጋ በ24 ወይም በ36 ወር ተከፋፍሎ በየወሩ ይታሰባል፣ ኩባንያው ደግሞ ያንኑ ያህል በየወሩ ይቀንስለታል። መስመሩን መሀል ላይ ቢዘጋ ቅናሹ ይቆማል፣ ቀሪው ዕዳ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ዕዳው እስካለ ድረስም ስልኩ ብዙውን ጊዜ ይቆለፋል። ወንድምህ ዛሬ የላከልህ ነጻ አይፎን ክፍያው ሦስት ዓመት ሊቀረው ይችላል። ቀድሞ ከፍሎ ማስከፈት ይችላል፣ አዎ፣ ግን ያን ጊዜ ቀሪውን ቅናሽ ሊያጣ ስለሚችል አስልቶ ይወስን።

ዕዳው ካለቀ ማስከፈት ቀላል ነው፣ በነጻም ነው። ኤቲ ኤንድ ቲ ላይ ስልኩ ተከፍሎ ካለቀና ቢያንስ 60 ቀን ከሠራ፣ በድረ ገጻቸው ላይ ያለውን ቅጽ አይኤምኢአይ ቁጥሩን ጽፎ መሙላት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ነገር አለች። ቅጹን ከሞላችሁ በኋላ ኢሜይል ይመጣል፣ እሱ ላይ ያለውን ማረጋገጫ በ24 ሰዓት ውስጥ መጫን አለባችሁ። ካልተጫነ ጥያቄው ይሰረዛል፣ ሰውየው ግን አመልክቻለሁ ብሎ ይጠብቃል። ከተጫነ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣሉ። ቲ-ሞባይል በኮንትራት 40 ቀን መሥራቱንና ተከፍሎ ማለቁን ያያል፤ አንዳንዶቹ አንድሮይድ ስልኮቹ ላይ "ዲቫይስ አንሎክ" የምትል አፕ አለች፣ ከአገር ሳይወጡ እሷን ከፍቶ ቋሚውን መምረጥ ነው። የቬራይዘን ስልክ በእኛ ሠፈር ለዓመታት "ኦፕን ነው" እየተባለ የሚፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2008 በገዛው ፍሪኩዌንሲ (የሬዲዮ ሞገድ) ምክንያት ስልክ እንዳይቆልፍ ግዴታ ነበረበት፣ በ2019 ደግሞ ለ60 ቀን ብቻ እንዲቆልፍ ተፈቀደለት፣ ከዚያ በራሱ ይከፈት ነበር። በ2025 ግን ይህ ግዴታ እንዲነሳለት አመልክቶ በ2026 ተፈቅዶለታል፣ ስለዚህ አዲስ ስልክ የምትገዙ "ቬራይዘን ነው፣ ችግር የለውም" ብላችሁ አትዝለሉት። ሦስቱም ላይ ደንቡ ይቀያየራል። በገዛችሁበት ቀን ጠይቁ፣ የሚሉትን በጽሑፍ ያዙ።

ለምን እዚያው? ለምን ከዚህ ሆኖ አይደረግም? ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ኩባንያው የሚያናግረው የመስመሩን ባለቤት ነው። የሒሳቡን ቁጥር ይጠይቃል፣ የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል፣ በአሜሪካ ስልኩ ላይ መልእክት ይልካል። እዚህ ያለው ተቀባይ ይህ አንዱም የለውም። ላኪው ደግሞ ሥራ ላይ ነው፣ የሰዓት ልዩነት አለ፣ ስልኩ እዚህ ነው፣ አይኤምኢአዩን በፎቶ ላኩልኝ ይላል፣ ፎቶው ይደበዝዛል፣ አንድ አሃዝ ይሳሳታል። እጁ ላይ እያለ በአሥር ደቂቃ የሚሞላ ቅጽ እዚህ ሲደርስ የወር ጣጣ ይሆናል።

ተከፍቷል ተብሎ ኢሜይል ቢመጣም አረጋግጡ። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ፣ ከዚያ ጀነራል፣ ከዚያ አባውት ግቡና ወደ ታች ውረዱ። "ካሪየር ሎክ" የሚል መስመር አለ። አጠገቡ "ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ" ካለ ክፍት ነው። ሌላ ነገር ከጻፈ አልተከፈተም ማለት ነው፣ ማንም ምንም ቢላችሁ። አንዳንዴ ኩባንያው ፈቅዶ ስልኩ ገና አልሰማ ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ፎቶና መረጃውን ሌላ ቦታ አስቀምጦ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ ማስነሳት ነው። ከዚያ የሌላ ኩባንያ ሲም፣ የጓደኛም ቢሆን፣ አስገብቶ መደወል። ግን ተጠንቀቁ፣ ከቸርቻሪ መደብር የሚገዙ አንዳንድ አይፎኖች መጀመሪያ ለገባባቸው ሲም የሚቆለፉ አሉ። ከቸርቻሪ የወሰዳችሁት አዲስ ስልክ ከሆነ ሲም ከማስገባታችሁ በፊት ስለዚህ ጠይቁ። በቅንነት "ልሞክርለት" ብሎ የራሱን ሲም አስገብቶ የቆለፈ ሰው አጋጥሞኛል።

አሁን ወደ እኛው ሠፈር ልምጣ፣ እዚህም ዝም የማይባል ነገር አለ። "ማንኛውንም ስልክ እንከፍታለን" የሚል ጽሑፍ በየመስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ቴሌግራም ላይማ በየቀኑ ነው። ቀብድ ይቀበላሉ፣ አይኤምኢአዩን ወደ ውጭ ላክን ይላሉ፣ ሳምንት ይላሉ፣ ሁለት ሳምንት ይላሉ። ውጭ ያሉት፣ በአይኤምኢአይ እንከፍታለን የሚሉት፣ አንዳንዴ ይሳካላቸዋል፣ ብዙ ጊዜ "አልተሳካም" ብለው ይመልሳሉ፣ ቀብዱ ግን አይመለስም። አንድ የታክሲ ሾፌር እንዲህ ባለ ቤት፣ ስሙን ልተወው፣ ገንዘቡን ከፍሎ ስልኩ የተመለሰለት ቺፕ ተደርጎበት ነው፤ ተከፈተ ብለውት ደስ ብሎት ሄደ፣ ስልኩ አፕዴት ሲያደርግ ኔትወርኩ ጠፋ። ወደ እኔ ሲመጣ የሲም ማስቀመጫውን አወጣሁት። ከሲሙ ሥር ከወረቀት የምትቀጥን ቢጫ ነገር ተለጥፋለች። አር-ሲም ነው።

አር-ሲም ምን እንደሆነ ሰው ይወቅ። ከሲም ካርዱ ጋር ተደርባ የምትገባ ስስ ቺፕ ናት። ስልኩ ሲሙን ሲያነብ እሷ መሀል ላይ ሆና "እኔ ያንተው ኩባንያ ሲም ነኝ" ብላ ታታልለዋለች። ስልኩ አልተከፈተም፣ እንደተቆለፈ ነው፣ የተታለለ ብቻ ነው። አፕል ሶፍትዌሩን ሲያድስ ይህችን ማታለያ ሊነቃባት ይችላል፣ ያን ጊዜ እንደገና ማስተካከል ነው፣ ከተስተካከለ። ሲም ስትቀይሩም፣ ከኢትዮ ወደ ሳፋሪኮም ስትሉ፣ እንደገና ይጀመራል። ቺፕ ያለበትን ስልክ እያወቁ፣ በዋጋው ልክ ቀንሰው ቢገዙት ነውር የለውም። ነውሩ "ኦፕን ነው" ተብሎ በኦፕን ዋጋ ሲሸጥ ነው። ገበያ ላይ ይሄ ሞልቷል። ስለዚህ የአሜሪካ አይፎን የምትገዙ፣ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት የሲም ማስቀመጫውን አስወጡና በዓይናችሁ እዩ፣ ካሪየር ሎክ የሚለውን ራሳችሁ ገብታችሁ አንብቡ፣ የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሲም አስገብታችሁ ደውሉበት። ሻጩ ጊዜ የለኝም ካለ እናንተም ገንዘብ የለኝም በሉት።

ቺፑም ቢሆን የማይሠራበት ጊዜ መጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ፣ ከአይፎን 14 ወዲህ ማለት ነው፣ ለአሜሪካ ገበያ የሚወጣው አይፎን የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ ጭራሽ የለውም። ሙሉ በሙሉ በኢ-ሲም ነው፣ ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም ማለት ነው። ሰው እየመጣ "ሲሙ የት ነው የሚገባው?" ይለኛል፣ አገላብጦ ፈልጎ አጥቶ። የለም። እንግዲህ ይሄ ስልክ ተቆልፎ ከመጣ አር-ሲም የሚለጠፍበት ቦታም የለም፣ በኩባንያው በኩል ካልተከፈተ አለቀለት። ክፍት ሆኖ ቢመጣም ተቀባዩ ሲሙን ወደ ኢ-ሲም ማስቀየር ይኖርበታል፣ ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ተቀባዩ እዚህ አገልግሎት ማዕከል ሄዶ ኢ-ሲም ማውጣት ይችል እንደሆነ ይጠይቅ። ለአዛውንት እናትና አባት የምትልኩ ከሆነ በተለይ ይሄን አስቡበት። ሲም ነቅሎ ሌላ ስልክ ላይ መሰካት የለመደ ሰው ይቸገራል።

ሌላው፣ ሰው ሁሉንም መቆለፍ አንድ ያደርገዋል። "ሎክ ሆኗል" ይላል፣ የምኑ ሎክ እንደሆነ አይለይም። የኔትወርክ ሎክ እስካሁን ያወራነው ነው። አይክላውድ ሎክ ሌላ ነው፣ የቀድሞው ባለቤት የአፕል አካውንቱን ሳያወጣ ሲቀር የሚመጣ ነው፣ መፍትሔው እሱ ራሱ በይለፍ ቃሉ ገብቶ ስልኩን ከአካውንቱ ማስወጣት ነው። ላኪዎች ሆይ፣ የራሳችሁን አሮጌ አይፎን ስትልኩ ይህንን አትርሱ። ከዚያ ደግሞ የጥቁር መዝገብ ጉዳይ አለ፤ የተሰረቀ ወይም ዕዳው ያልተከፈለ ተብሎ የተመዘገበ ስልክ። እሱን ኩባንያው አይከፍትም፣ እኔም አልነካውም፣ ማንም ሰው እንዲገዛው አልመክርም።

ስለ መብቱም ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ነገሩ የቴክኒክ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ስልክ መክፈት ራሱ ሕገ ወጥ የሆነበት ጊዜ ነበር። የቅጂ መብት ሕጋቸው የዲጂታል ቁልፍ መስበርን ይከለክላል፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ደግሞ በየሦስት ዓመቱ የተለየ ፈቃድ ይሰጣል። ለስልክ ከ2006 ጀምሮ ተፈቅዶ የነበረው ሳይታደስ ቀረና ከጥር 2013 በኋላ የተገዛን አዲስ ስልክ ያለ ኩባንያው ፈቃድ መክፈት ጥፋት ሆነ። ሰው ተቆጣ። ለዋይት ሐውስ የቀረበው አቤቱታ ከ114,000 በላይ ፊርማ ሰበሰበ። ኮንግረስ ሕግ አወጣ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ ነሐሴ 1 ቀን 2014 ፈረሙበት። ወሩም፣ ቀኑም፣ ዓመቱም በእነሱ አቆጣጠር ነው። ሕጉ ግን ባለቤቱ እንዲከፍት ፈቀደ እንጂ ኩባንያው እንዲከፍትለት አላስገደደም፤ ቁልፉ ሰርቨር ላይ ሆኖ መክፈት ትችላለህ ቢባል ምን ይጠቅማል? ቤት ገዝተህ፣ ዋጋውን ጨርሰህ፣ ቁልፉ ሻጩ ኪስ እንደቀረ ነው።

ሌሎች አገሮች ቆርጠዋል። ካናዳ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ኩባንያዎቹ ስልክ ቆልፈው እንዳይሸጡ፣ የድሮውንም በነጻ እንዲከፍቱ አዘዘች። ብሪታንያ በታኅሣሥ 2021፣ ጃፓንም በዚያው ዓመት ከጥቅምት ጀምሮ ተቆልፎ መሸጥን ከለከሉ። ለዚህ ነው ከቶሮንቶና ከለንደን የሚመጣ አዲስ ስልክ ሱቄ ለዚህ ጉዳይ የማይመጣው። አሜሪካ ውስጥ የፌደራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በሐምሌ 2024 ሁሉም ኩባንያ በ60 ቀን እንዲከፍት የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፣ ግዴታ ሆኖ አልጸናም። ኩባንያዎቹ የሚሉትን እረዳለሁ። ባልተከፈለ ዕዳ ስልክ ወስዶ ወደ ውጭ የሚሸጥ ሌባ አለ፣ መቆለፉ እሱን ያግዳል ይላሉ። ይሁን። ዕዳው እስኪያልቅ ይቆለፍ። ካለቀ በኋላ ግን ባለቤቱ ለምን ቅጽ ይሞላል፣ ለምን ኢሜይል ይጠብቃል? የመጨረሻው ክፍያ በገባበት ቀን በራሱ ይከፈት። አሜሪካ ያላችሁ ዜጎች ለምክር ቤት ተወካያችሁ ይህንን መጻፍ ትችላላችሁ፣ እዚያ ሰው ጽፎ ሕግ ሲቀየር ታይቷል።

ለእኛም አገር አንድ ነገር ልጠይቅ። ስልክ በየወሩ እየከፈሉ መውሰድ እዚህም ተጀምሯል። ጥሩ ነው፣ አቅም የሌለው ሰው ስማርት ስልክ ያገኛል። ግን በክፍያ የሚሸጥ ስልክ ሁሉ አንድ ዓይነት ቁልፍ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነገሩ ከመስፋቱ በፊት ደንቡን ያስቀምጥልን። ስልኩ ቁልፍ ካለበት ሲሸጥ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ካርቶኑ ላይ ይጻፍ፣ ክፍያው ሲያልቅ በራሱና በነጻ ይከፈት፣ ሁለተኛ ባለቤት ቢገዛውም መክፈቻው እንዳይከለከል። አሁን ቢጻፍ ማንንም አይጎዳም። ከአሥር ዓመት በኋላ ሚሊዮን የተቆለፈ ስልክ ይዘን ብንጠይቅ ግን ይከብዳል።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ልመና አጭር ነው። ከነሐሴ በፊት፣ ሰው ሻንጣ ማሰር ሳይጀምር፣ ይህን ደብዳቤ ብታወጡት። ርዝመቱ ከበዛ የሕጉን ታሪክ ቁረጡት፣ ካሪየር ሎክ የሚለው የት እንደሚታይና የፕሪፔይዱን ነገር ግን አትቁረጡብኝ። የሚላከው ስልክ ካርቶን ውስጥ ደግሞ ኩባንያው "ተከፍቷል" ብሎ የላከውን ኢሜይል አትማችሁ አስገቡበት። እዚህ ችግር ቢመጣ እኛ ጠጋኞች ከየት እንደምንጀምር በእሱ እናውቃለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሞባይል ጥገና ባለሙያ፣ መገናኛ፣ አዲስ አበባ